ባዜቃ የገባበት ቤት

ልጅ ሳለሁ ከጅብም ከመብረቅም ይበልጥ የምፈራው አንድ ሽማግሌ ሰው ነበር። አባባ ኪሮስ ይባላሉ። ሰቆጣ ውስጥ እኛ ተከራይተን ከምንኖርበት ቤት ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ የድንጋይ ቤት ነበረቻቸው፤ እዚያች ውስጥ ብር ሲያቀልጡ፣ መስቀል ሲቀርጹ፣ የተሰበረ ጉትቻ ሲጠግኑ ይውላሉ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ውሃ ሲጠጡ ጣሳው ከጥርሳቸው ጋር እየተጋጨ ሲንኳኳ ከመንገዱ ማዶ ይሰማኛል። የሰፈሩ ልጆች ደግሞ የእጃቸውን ነገር አብራርተው ነግረውኛል፦ «አንጥረኛ ነው፤ በዓይኑ ሰው ይበላል። እጁ የሚንቀጠቀጠው የበላቸው ሰዎች ከውስጥ ሆነው ስለሚታገሉት ነው።»

እኛ ለአገሩ እንግዶች ነበርን። አባቴ የግብርና ባለሙያ ሆኖ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ነው፤ አንዴ ወደ ዝቋላ፣ አንዴ ወደ ጋዝጊብላ ገጠሮች ከወረደ ሳምንት ሁለት ሳምንት አይመለስም። እናቴ አስተማሪ ነበረች፤ ቀን ሕፃናትን፣ አመሻሹ ላይ ደግሞ የማታ ተማሪዎችን ታስተምራለች። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ታናሽ ወንድሜ ናቲ ገና ድክ ድክ ማለት አልጀመረም።

አንድ ቀን የእናቴ የብር ጉትቻ መንጠቆው ተሰበረ። ከእናቷ የወረሰችው ነበርና አዘነች፤ በወረቀት ጠቅልላም እጄ ላይ አስቀመጠችና «ለአባባ ኪሮስ አድርሺልኝ» አለችኝ። አለቀስኩ። «በዓይኑ ሰው የሚበላ ሰው የለም፤ ሂጂ» ብላ በሩን አሳየችኝ።

ደጃፋቸው ላይ ደርሼ ቆምኩ። ውስጡ ጨለምለም ያለ ነው፤ የፍሙ ቅላት ብቻ ነበር የሚታየኝ፤ ወናፉ ሲነፋ ፍሙ ይፈካል፣ ሲተነፍስ ይከስላል፤ በፈካ ቁጥር የሽማግሌው ፊት ከጨለማው ወጥቶ ተመልሶ ይገባል። አዩኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«የማን ልጅ ነሽ? የመምህሯ ነሽ መሰለኝ» አሉ። ዓይኔን እንደጨፈንኩ ጉትቻውን ከነወረቀቱ ዘረጋሁላቸው። ወናፉን አቆሙና «ፈርተሻል አይደል?» አሉኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ከፈራሽ አይቀር ግቢና እየሞቀሽ ፍሪ። እዚያ ደጅ ላይ ቆመሽ ብትፈሪ ትርፉ ብርድ ነው።»

ገባሁ። ለምን እንደገባሁ ዛሬም አላውቅም፤ ምናልባት በዚያ ዕድሜዬ ፍርሃቴን አይቶ ያልሳቀብኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ስለነበሩ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ እናቴ የማታ ትምህርት በምታስተምርባቸው ቀናት፣ ናቲን አዝዬ መንገዱን እየተሻገርኩ ከምድጃቸው አጠገብ መቀመጥ ልማዴ ሆነ። ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም፤ ይዤው ነበር የምገባው። እሳቸው ሥራ ሊፈቱ ሲሉ ፍሙን በአመድ እየሸፈኑ፣ ኩራዙን እያስተካከሉ፣ የብር ብናኝ የተበተነበትን ቆዳ በላባ እየጠረጉ ተረት ያወሩልኛል። ተረታቸው ስለ ጦጣና ስለ ነብር አይደለም፤ ስለ ብር፣ ስለ ወርቅ፣ ስለ ድንጋይ ነው። እያወሩም ነገሩን አውጥተው በመዳፌ ያስይዙኛል። ብር የላብ ዘመድ ነው፣ ሰው ገላ ላይ ሲቆይ ይጠቁራል፣ ቆርቆሮ ግን አይገደውም ይሉኛል። ናስን ከወርቅ ለመለየት ሁለቱንም ለስላሳ ጥቁር ድንጋይ ላይ ያሰምሩና፣ የጥርስ እንጨት አሲድ ጠርሙስ ውስጥ ነክረው አንዲት ጠብታ ይጥሉበታል፤ የናሱ መስመር አረንጓዴ አረፋ ደፍቆ ይጠፋል፣ የወርቁ እንዳለ ይቀራል። ከደላንታ የመጣች አንዲት ኦፓል ነበረቻቸው፤ ደረቅ ስትሆን በውስጧ ቀይና አረንጓዴ እሳት ይንቀሳቀሳል፣ ውሃ ውስጥ ሲነክሯት ግን ውሃውን ትጠጣና እሳቷን ትደብቃለች። «አይዞሽ፣ አልጠፋም» ይሉኛል፣ «ስትደርቅ ትመልሰዋለች። ሰው ጠጥቶ የደበቀውን ስንቱን ይመልሳል?»

ከተረቶቹ ሁሉ አንዱን አንዴ ብቻ ነው ያወሩልኝ። የክረምት መግቢያ ላይ ነበር፤ የነጎድጓዱ ድምፅ ከተራራው ወዲያ ይንከባለላል። ከየት እንዳነሱት አላስታውስም፣ ብቻ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

«ማዕድናት ሁሉ ቤት ሲካፈሉ ወርቅ ወንዝ ዳር ደረሰው፣ ብር ከዓለት ሥር፣ ብረት ከቀይ አፈር። ባዜቃ የሚባለው ግን ዘግይቶ መጣና ቤት አጣ። መልኩ ብር ነው፣ ጠባዩ ግን እንደ ውሃ፤ ብትይዢው ያመልጥሻል፣ ብትበትኝው ተሰብስቦ ይገናኛል። ከዚያ ወዲህ በየሰው ቤት ‹የመሸብኝ እንግዳ ነኝ› እያለ ይለምናል። ብረት አላውቅህም ብሎ ዘጋበት። ወርቅ ግን ደግ ነውና አስገባው። አቅፎት ተኛ፤ ከማቀፉ ብዛት ቀለሙን አጥቶ ነጣ። እሳት ሲመጣ ታዲያ ይሄ እንግዳ ማንም ሳያየው ቀድሞ ይነሣል። ወርቁን ጥሎ ይሄዳል። ባዶ እጁን ግን አይሄድም፤ ከቤቱ አንድ ሰው ይዞ ነው የሚወጣው።»

«ማንን ነው ይዞ የሚወጣው?» አልኳቸው።

«ያገኘውን። ብዙ ጊዜ ግን ትንሹን።»

ይህን ብለው ፍሙን በአመድ ሸፈኑት። ተረቱ መጨረሻ አልነበረውም። ናቲን ከጀርባዬ አውርጄ ደረቴ ላይ አቀፍኩትና ደህና እደሩ እንኳ ሳልል ሮጥኩ። ለብዙ ቀን አልተመለስኩም።

በዚያው ክረምት አጎቴ ጌታሁን እኛ ዘንድ ነበር። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሥራ አጥቶ ሲንከራተት ቆይቶ፣ በዝቋላ በኩል ካሉት ጅረቶች ወርቅ እየታጠበ ይወጣል ሲባል ሰምቶ ነበር የመጣው። ሳቂታ ሰው ነው። ናቲን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲዘፍንለት ሕፃኑ ከሳቅ ብዛት ስቅ ይለው ነበር። ሳምንት ሁለት ሳምንት ከሌሎች ጎልማሶች ጋር ገበቴና አካፋውን ይዞ ይወርዳል፤ ጭቃ ለብሶ፣ ከስቶ፣ ብዙውን ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ያን ቀን ግን እየሳቀ መጣ። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው፤ እናቴ ወደ ማታ ትምህርቷ ከወጣች ገና መንገድ አልጨረሰችም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ጌታሁን ከሸሚዙ ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ነገርና አንዲት ትንሽ የመድኃኒት ጠርሙስ አወጣ።

«ፍሬ፣ ዛሬ ያየሽውን ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ። «በተለይ ለዚያ ለማዶው ቡዳ። ዓይኑን ከጣለበት ወርቁ አመድ ነው የሚሆነው።»

በሩን ቀረቀረ። መስኮቱንም ዘጋ፤ ሰው በስንጥቁ እንዳያይ ጆንያ ወተፈበት። የከሰል ምድጃውን ከአልጋው ግርጌ አመጣው፤ አልጋው ላይ ናቲ ተኝቷል። ከዚያ የጨርቁን ቋጠሮ በሁለት እጁ ይዞ በሸክላ ሳህን ላይ ጠመዘዘው፤ ልብስ እንደሚጨምቅ።

ከጨርቁ ውስጥ የብር ዶቃ የመሰለ ነገር ጠብ ጠብ አለ። ሳህኑ ላይ ሲወድቅ ተበታተነ፤ ወዲያው ደግሞ እየተንከባለለ ተፈላልጎ ተገናኘና አንድ ሆነ። ጨርቁ ሲፈታ በውስጡ የቀረው የተላቆጠ ሊጥ የመሰለ ነጭ ግራጫ ጉብታ ነው። «ይኸውልሽ ወርቅ» አለኝ ጌታሁን። ወርቁ ነጥቷል።

የያዘኝን ፍርሃት ዛሬ በቃል ልገልጸው ብሞክር አይሆንልኝም። ተረት ብቻ የመሰለኝ ነገር በእናቴ ሳህን ላይ፣ ምሳ በበላንበት ሳህን ላይ ተቀምጦ አየሁት። ጉብታውን በብረት ጭልፋ አድርጎ ፍሙ ላይ ሲያስቀምጠው ዓይኔ ከጭልፋው ወደ ናቲ ሄደ። ብዙ ጊዜ ትንሹን ነው ያሉት።

«አጎቴ፣ በሩን እንክፈተው» አልኩ።

«በዚህ ዝናብ?»

«አባባ ኪሮስ እሳት ሲመጣ እንግዳው…»

«ምን አልኩሽ!» ብሎ ጮኸብኝ። እንደዚያ ጮኾብኝ አያውቅም።

ከዚያ በሕይወቴ የመጀመሪያውን ትልቅ ውሸት ዋሸሁ። ናቲን አነሣሁና «በሽንቱ ርሷል፤ ላጥበው ነው» አልኩ። ጌታሁን ዓይኑን ከጭልፋው ሳይነቅል በሩን ከፈተልኝ። ወጣሁ። ከኋላዬ መቀርቀሪያው ተመልሶ ሲገባ ሰማሁት።

መንገዱ ጎርፍ ሆኖ ነበር። ናቲ ቀዝቃዛው ዝናብ ሲያርፍበት ነቅቶ ይጮኻል። ጉልበቴ ድረስ እየዘቀጥኩ ተሻገርኩና የአባባ ኪሮስን በር በክንዴ መታሁት። ሲከፍቱ ልነግራቸው ያሰብኩት ሁሉ ጠፋብኝ፤ ከአፌ የወጣው አንድ ቃል ነው።

«ባዜቃ።»

ትከሻዬን ያዙኝ። «የት? እሳት ላይ?»

«ቤታችን። ዘግቶታል።»

«ሌላ ሕፃን አለ እዚያ?»

«የለም። አጎቴ ብቻ ነው።»

በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ የሆነ ነገር አጉረመረሙ፤ ጸሎት ይሁን እርግማን አልገባኝም። ነጠላቸውን ከጣሪያው በሚወርደው ውሃ ነክረው አፍና አፍንጫቸውን ጠመጠሙ። ትልቁን መዶሻ አነሡ። «አንቺ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ» ብለው ወጡ። ምርኩዝ ይዘው የሚያዘግሙት ሽማግሌ በጎርፉ ውስጥ ሲሮጡ አየኋቸው።

በዓለም ላይ አብዝቼ በምፈራው ቤት ውስጥ፣ ወንድሜን በጋቢያቸው ጠቅልዬ፣ ብቻዬን ቀረሁ። ከደጃፉ ሆኜ የማየው የእኛን መስኮት ነው። መዶሻው አንዴ አረፈበት። ሁለተኛ ሲያርፍ ሳንቃው ወደ ውስጥ ገባ፤ ሽማግሌው በዚያው ተንጠላጥለው ገቡ። የጌታሁን ድምፅ ዝናቡን ቀድዶ መጣ፦ «አንተ ቡዳ! ወርቄን ልትበላ መጣህ!» ከዚያ ሳል ተከተለው። ሳሉ አልቆም አለ። በሩ ተከፈተና አባባ ኪሮስ ጌታሁንን በክንዱ ይዘው እየጎተቱ ወጡ። ይታገላቸዋል፤ ይሰድባቸዋል። ጭቃው ላይ አስቀመጡትና ተመልሰው ገቡ፤ ጭልፋውን በጉጠት ይዘው፣ ፊታቸውን አዙረው ወጡ፤ ራቅ አድርገውም ዝናቡ ላይ አስቀመጡት።

እናቴ ስትመለስ እኔም ናቲን ይዤ ተከትያት ገባሁ፤ ጌታሁን በተሰበረው መስኮት ሥር አልጋ ላይ ተጋድሟል። «ብርድ መትቶኝ ነው» አላት። አፉን ብረት ብረት ይለው ነበር፤ ደረቱን ደጋግሞ ይዳስሳል። እናቴ ትኩስ ነገር ልትሰጠው ስትሰናዳ አባባ ኪሮስ በር ላይ ቆሙ። ሳይጠሩ የሰው ቤት የማይገቡ ሰው ነበሩ፤ መስኮት ሰብረው በገቡበት ቤት እንኳ አሁን ከደጃፉ አላለፉም።

«መምህር፣ ብርድ ነው ብለሽ እንዳታሳድሪው» አሏት። «አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው። ሕፃኑንም አስመርምሪው። ቢያድር ነገ መተንፈስ ያቅተዋል።»

እናቴ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ወንድሟን አየች። «እርስዎ እንዴት አወቁ?»

«አውቃለሁ» አሉ። «ምን እንዳሞቀ ለሐኪሙ እኔ እነግረዋለሁ። ያንን ካላወቀ ሊያድነው አይችልም።»

ሄዱ። እውነትም ሌሊቱ ሳይጋመስ ጌታሁን አየር አጥሮት በመሣሪያ ሲተነፍስ አደረ። ብዙ ሳምንት ተኛ። ናቲን ሁለት ቀን አቆይተው «ደህና ነው፤ ብዙ አልሳበም» ብለው ሰጡን። ሐኪሙ ለእናቴ «ሕፃኑ እዚያው ተኝቶ ቢሆን ኖሮ…» ብሎ ጀምሮ አልጨረሰላትም።

እሷ ሐኪም ቤት ስትመላለስ እኔ ከትምህርት በኋላ አባባ ኪሮስ ዘንድ እቆያለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ በራቸውን ወለል አድርገው ነበር የሚሠሩት። ተረት አላወሩልኝም። አንድ ቀን ግን ሳልጠይቃቸው፣ የብር ሽቦ እየጎተቱ፣ ጀመሩ።

ወጣት ሳሉ አንድ የቤተ ክርስቲያን መስቀል ወርቅ እንዲያለብሱ ታዘዙ። ያኔ ወርቅ ሐኪሞቹ ሜርኩሪ ከሚሉት ከባዜቃ ጋር ተለውሶ ይቀባና በእሳት ይሞቃል፤ ባዜቃው የማይታይ መርዘኛ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል፣ ወርቁ መስቀሉ ላይ ይቀራል። ክረምት ነበር። አራስ ሚስታቸው እዚያው ቤት ተኝታለች፤ ብርድ እንዳይመታት ብለው በሩን ዘጉ። ሕፃኗ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ሚስታቸው እስከ መስከረም ቆየች።

«አገሩ የገዛ ልጁን በላ አለኝ» አሉ። «አልተከራከርኩም። እውነቱም ከዚያ ብዙ አይርቅም ብዬ ዝም አልኩ።»

ሽቦው ከእጃቸው አምልጦ ሲወድቅ አንሥቼ ሰጠኋቸው፤ ስሰጣቸው ጣቶቻቸውን ነካሁ። ቀዝቃዛና ሻካራ ናቸው፤ የሚንቀጠቀጡ ተራ የሰው ጣቶች።

ጌታሁን ዳነ፤ መዳን ካሉት። ደረጃ ሲወጣ ይቆማል፤ የቀኝ እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ስሙን በፊት በሚጽፍበት አጻጻፍ መጻፍ አልቻለም። ከሐኪም ቤት የወጣ ዕለት ቀጥታ ወደ ማዶው ቤት ሄዶ ጉልበታቸው ላይ ተደፋ። አላስጨረሱትም። «ተነሥ» አሉት፤ ከሣጥናቸውም ወረቀት አውጥተው ፈቱ። ከጭልፋው ላይ የተረፈችውን ነገር አስቀምጠውለት ኖሯል፤ የምስር ፍሬ የምታህል፣ ሸካራ፣ ቢጫ። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ አሰመሯት፣ ጠብታዋን ጣሉባት፤ መስመሩ አልጠፋም።

«እውነተኛ ነው» አሉ። «ጥሩ ወርቅ ነው።»

ጌታሁን ያለቀሰው ያኔ ነው። ሐሰት ቢሆን ይሻለው እንደነበር እኔ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ወርቋን አልወሰዳትም፤ እናቴም ቤቴ አትገባም አለች። አባባ ኪሮስ ምን እንዳደረጓት አላውቅም።

የሰፈሩ ወሬ እንደጠበቅሁት አልተለወጠም። አንዳንዱ «አዳነው» ሲል፣ ሌላው «በዓይኑ በልቶት ሲያበቃ ተጸጽቶ መለሰው» አለ። የጎረቤታችን ሴትዮ ይህን ስታወራ እናቴ በመካከል ገብታ «ልጄንና ወንድሜን ከሞት ያወጣው ያ ዓይን ከሆነ፣ እኔንም ይብላኝ» ብላት ሄደች። አባቴ ወደ ሌላ ወረዳ እስኪዛወር ድረስም በዓል በመጣ ቁጥር አባባ ኪሮስ ከእኛ መሶብ ላይ ይቆርሱ ነበር። መጀመሪያ የመጡ ዕለት ግን በሩ ላይ ብዙ ቆሙ፤ እጃቸውን ይዤ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ።

ከዚያ ዘመን ምን ቀረልኝ ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ። ፍርሃቱ ቀርቷል፤ እሱን አልክድም፤ ቦታውን ብቻ ነው የቀየረው። ድሮ የምፈራው ሰው ሁሉ የሚፈራውን ነበር። ዛሬ የምፈራው ደስ ብሎት፣ በሩን ዘግቶ፣ ማንም እንዳያየኝ የሚለውን ሰው ነው። ልጆቼም ሽማግሌ ተረት ሲያወራ ፈርተው ሲጠጉኝ፣ «ውሸት ነው፣ አትፍሩ» ለማለት አፌ አይታዘዘኝም።

ናቲ አሁን ከእኔ በቁመት ይበልጣል፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ከዚያ ሁሉ አንዱንም አያስታውስም። ቤተሰብ ሲሰበሰብ ግን ታሪኩን የሚያወራው እሱ ነው፣ እንደ ቀልድ አድርጎ፦ «እህቴ እኮ ርሰሃል ብላ ሙሉ ክረምት ያዘነበችብኝ ናት!» ይላል። ሁሉም ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። እሱ ግን ሳቁን ጨርሶ አየር ሲስብ፣ ያንን ትንፋሽ እስከ መጨረሻው ሳላዳምጥ ሌላ ወሬ መጀመር አልችልም።